ባቄላ ብቻ የሚገባበት ድስት

ጉብሬ ካምፓስ ሳለን የብስክሌት ቡድናችን አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው፤ ሕጉ ግን ስለ ብስክሌት አልነበረም። በቡድኑ የሸክላ ድስት ውስጥ ከባቄላ፣ ከውሃና ከጨው በቀር ምንም ነገር አይገባም። ሽንኩርት እንኳ አይገባም። ሕጉን ያወጣው አምበላችን ነው፤ የመስቃን ገጠር ልጅ፣ የበርበሬ ገበሬ ልጅ፣ ሶላቱን የማያዛንፍ። ከሰሜን የመጣው ጓደኛችን ደግሞ ረቡዕና ዓርብን ሳይቀር የሚጾም ኦርቶዶክስ ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የቡታጅራ ጴንጤ፣ የቀረበልኝን ሁሉ የምበላ፣ ነገርን ሁሉ በችኮላ የምሠራ።

ሸክላ የነካውን ይጠጣል። የብረት ድስት በሳሙና ሲታጠብ የትናንቱን ይረሳል። ሸክላ ግን ሥጋ ከተሠራበት ሥጋ ሥጋ ይላል፣ ቅቤ ከገባበትም ቅቤው አይለቀውም። አምበላችን የክርስቲያን ሥጋ በነካው ዕቃ አይበላም። ጿሚው በጾም ወራት የፍስክ ዕቃ አጠገብ አይደርስም። የተማሪ ምግብ ቤቱ ድስት ደግሞ ትናንት ምን ሲፈላበት እንደዋለ ማን ያውቃል? ልምምድ የምንወጣው ጎህ ሲቀድ ስለነበር ሁለቱ በባዶ ሆድ እየነዱ ሲመለሱ እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቀን አምበላችን ከወልቂጤ ገበያ አንገቷ ጠበብ ያለ ድስት ገዝቶ መጣና ዶርም መሀል አስቀመጣት።

«ይቺ የሦስታችንም ናት» አለ። «ባቄላ ሃይማኖት የለውም።»

ምግብ የማብሰሉ ሥራ የእኔ ሆነ። ከሦስታችን ከሰል ማቀጣጠል በወጉ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የብስክሌት ካቴና የምጠግነውም፣ ጎማ የምለጥፈውም እኔው። የወልቂጤዋ ድስት አንገቷ ጠባብ ስለሆነ ባቄላው በእንፋሎት ቀስ ብሎ ይበስላል እንጂ አይፈርስም። ንፍሮው ፍሬ ፍሬውን ሆኖ ይወጣል፤ በላስቲክ ጠቅልለን በማልያችን የኋላ ኪስ ይዘነው እንወጣለን። ዳገት ላይ ጉልበት ሲከዳ አንድ እፍኝ አፍ ውስጥ ጨምሮ ማኘክ ነው። ሌሎቹ ቡድኖች ይስቁብናል። እኛም እንስቃለን፤ ግን ሦስታችን ተያይዘን በተራ ከፊት ሆነን ለኋለኞቹ ንፋሱን እየሰበርን ስንነዳ የሚለየን አልነበረም። አንድ ማዕድ መብላታችንም ለዚያ አግዞናል ብዬ ዛሬም አምናለሁ።

የዚያ ዓመት የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ቡታጅራ ሆነ። ከቡታጅራ ተነስቶ ቡኢ ደርሶ መመለስ ነው። ለእኔ የትውልድ ከተማዬ ነው፤ ለአምበላችን ደግሞ ከዚያ በላይ ነበር። አባቱና እናቱ ከመንደር ወርደው መንገድ ዳር ሊቆሙ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አሠልጣኝም ልጅ ሊመርጥ እንደሚገኝ ተወርቷል። አምበላችን ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አያወራም ነበር፤ ከውድድሩ በፊት በነበረው ሳምንት ግን እንቅልፍ እንዳጣ እናውቃለን። ካልተመረጠ በዓመቱ መጨረሻ ተመርቆ ወደ በርበሬው ማሳ ነው የሚመለሰው፤ ብስክሌቷም የዩኒቨርሲቲው ናት።

ድስቷን የሰበርኳት እኔ ነኝ። ከጉብሬ ስንነሳ የስፖርት መምህራችን «ጭንህ ላይ ያዛት» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ሚኒባሱ ላይ ብስክሌቶቹን ሳስር በሁለት ጎማ መሀል ሸጉጬ በገመድ ጠፈርኳት። ቡታጅራ ስንደርስ የአንዱ ብስክሌት መሪ ሆዷን ወግቶ ለሁለት ከፍሏታል። በራሴ ተናደድኩ፣ ሾፌሩ ላይም ያለጥፋቱ ጮኽኩበት። አምበላችን ገሉን ለቅሞ ከመንገድ ዳር አኖረና «አቦ ተወው፣ ድስት ነው፤ ነገ ሌላ ትገዛለህ» አለኝ። ውድድሩ ከዚያ በሁለተኛው ቀን ጧት ነበር።

በማግስቱ ገበያ ወጣሁ። በእኛ አገር በኩል የሚሠራው የባቄላ ድስት አፉ ሰፊ፣ ሆዱ ዝርግ ነው። ሸክላ የምትሸጠው ሴትዮ አንዱን አንስታ በጣቷ ኳ ኳ አደረገችና ድምፁን አሰማችኝ።

«ጤነኛ ናት። ግን ገና ጥሬ ናት። ሦስት ቀን ባቄላ ቀቅልባትና ድፋው። ባቄላው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ቀዳዳዋን ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሚበላባት።»

«ለነገ ነው የምፈልጋት።»

«እንግዲያ የተሟሸች ተዋስ» አለችኝ።

ከማን ልዋስ? ቡታጅራ ውስጥ ሥጋም ቅቤም ነክቶት የማያውቅ ድስት ከየት ይገኛል? ገዝቼ ቤት ገባሁ። እናቴ አስተማሪ ናት፤ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። አባቴ በር እና መስኮት የሚበይድበት ሱቅ ውስጥ ነው። ጓሮ ከሰል አቀጣጥዬ በድስቷ ውሃና ባቄላ ጣድኩ። ወዲያው ከስሯ ታንጠባጥብ ጀመር። ውሃው ፍሙ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ቸስ ይላል፤ እሳቱ ይጠፋል። ደፍቼ እንደገና ጣድኩ፣ እንደገና አንጠባጠበች። ስልኬ ይጮኻል። ጓደኞቼ መንገዱን ለማየት ሊነዱ ተዘጋጅተው እኔን እየጠበቁ ነው።

«የት ገባህ አቦ? ፀሐይ ልትጠልቅ ነው!»

«መጣሁ! መጣሁ አልኩ!»

እናቴ አዲስ ድስት ሲያንጠባጥብባት ምን እንደምታደርግ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ድስቱን እሳት ላይ ባዶውን ታግለዋለች፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ካለው ቆርቆሮ ሞራ ቆርጣ ውስጡንም ውጭውንም ታሸዋለች። ሸክላው ይጠጣል፣ ከዚያ አያንጠባጥብም። በእኛ ቤት የፍስክና የጾም ዕቃ የሚባል ነገር የለም፤ ለእኔ ሞራ ማለት ቀዳዳ መድፈኛ ነው። እጄ ቆርቆሮውን አወረደ፤ አሸሁት። ሸክላው ጠጣ፣ ጠቆረ፣ አብረቀረቀ። ውሃ ሞልቼ ብጠብቅ አንዲት ጠብታ አልወረደም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ልናገር፤ ኮራሁ። የሦስት ቀኑን ሥራ በሩብ ሰዓት ጨርሼዋለሁ ብዬ ኮራሁ። በሃይማኖቴ እምላለሁ፣ ሕጋችን በአእምሮዬ ጫፍ እንኳ አልመጣም። ባቄላውን ዘፍዝፌ ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ።

የውድድሩ ቀን ጎህ ሲቀድ ጓሮ ተቀምጬ አበስላለሁ። ጓደኞቼ ከእኛ ቤት ጥቂት ርቆ ባለ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያደሩት። ባቄላው ሲበስል ልጨምርበት ጨው ይዤ ክዳኑን አነሳሁ። ውሃው ላይ ክብ ክብ የሆኑ የቅባት ጠብታዎች ተንሳፍፈዋል። አየኋቸው። ጨው የያዘ እጄ እዚያው ቀረ።

ሞራው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በገና ቤታችን ከታረደው በሬ ነው፤ አባቴ ጸልዮ ያረደው። አምበላችን የማይበላው ነው። ወሩ ደግሞ ሁዳዴ ነው። ጿሚው ጓደኛችን ለውድድሩ ብሎ የንስሐ አባቱን አስፈቅዶ ጧት ይበላል እንጂ የፍስክ ነገር ሊነካ አይደለም።

እናቴ ፎጣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች።

«ሞራዬን ማነው የነካው?» አለች፤ ወዲያው ድስቱን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለእነዚያ ልጆች ነው እንዴ?»

«አዎ።»

«ያ ሙስሊሙ ልጅ የሚበላበት?»

ጨዉን መልሼ ከጎኔ አስቀመጥኩ።

«ንገራቸው ልጄ። አሁኑኑ ሂድና ንገራቸው።»

«ምን ሊበሉ ነው እማ? ሁለት ሰዓት ላይ መነሻ ነው!»

«እኔ ዳቦ ልፈልግ። ሱቅ ሲከፈት አመጣለሁ። አንተ ብቻ ንገራቸው» ብላ ነጠላዋን ልታመጣ ገባች።

ልነግራቸው ነበር። እውነቴን ነው፣ ተነስቼም ነበር። ከዚያ ሱቆቹ እስኪከፈቱ ያለውን ጊዜ አሰብኩ። አምበላችን በባዶ ሆድ እስከ ቡኢ ሲነዳ ታየኝ። አባቱ መንገድ ዳር ቆሞ ታየኝ። ያላወቀ ሰው ኃጢአት የለበትም፣ ኃጢአቱ የእኔ ነው፣ ከውድድሩ በኋላ እግሩ ላይ ወድቄ እነግረዋለሁ አልኩ። ጭልፋ አንስቼ ቅባቱን ገፈፍኩት። እንደገና ወጣ፤ እንደገና ገፈፍኩ። ውሃውን ሁሉ አጠለልኩና ንፍሮውን በንጹሕ ጨርቅ አደራረቅኩት። ሞራ ሳሽ ስህተት ነበር፤ ጭልፋውን ካነሳሁ በኋላ ግን የምሠራውን አውቅ ነበር። እናቴ ከመመለሷ በፊት ድስቱን አቅፌ በጓሮ በር ወጣሁ።

ክፍሉ ውስጥ ዴስክ ገጥመው ጠብቀውኛል። ሻይ አለ፣ ከሰፈሩ ሻይ ቤት የመጣ። ጿሚው ወዲያው ሳህኑን ሞላ። አምበላችን እጁን ታጥቦ መጣ፣ «ቢስሚላህ» አለ፣ አንድ እፍኝ አፉ ውስጥ ጨመረ። አኘከ። ከዚያ ማኘኩን አቆመ።

እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማ እየነፋሁ ነበር። ጎማው ሙሉ ነበር፤ ዝም ብዬ ነው የምነፋው።

«ድስቷን እንዴት አሟሸሃት?» አለኝ።

ፊቱን አላየሁም።

«በባቄላ ውሃ ነዋ፣ እንደወጉ።»

«እሺ» አለ። የድርሻውን ንፍሮ በላስቲክ አሰረና ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ሆዴ ተጨናንቋል፣ መንገድ ላይ እበላዋለሁ» ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። በመስኮቱ ሳየው ከቧንቧው ውሃ እየያዘ አፉን ይጉመጠመጣል፤ ደጋግሞ ይጉመጠመጣል። ጥርሱን እያጸዳ ነው አልኩ ለራሴ። ተመልሶ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጣ።

«ወንድሜ ዛሬስ እጅህ ተባርኳል!» አለ ጿሚው አፉን ሞልቶ። «ምን ጨመርክበት? እንዲህ ጣፍጦ አያውቅም።» ሁለተኛ ሳህን ሞላ። እኔም ሳህኔን ይዤ በላሁ፤ ምን ምን እንደሚል አላወቅኩትም።

ውድድሩ ተጀመረ። ከከተማ ስንወጣ ባጃጆች ዳር ይዘው ክላክስ ያሰማሉ፤ ሰው በሁለት በኩል ተሰልፏል። የአምበላችን ዘመዶች የሚቆሙበት ቦታ ላይ አባቱን ነጭ ኮፍያ አድርገው አየኋቸው። እጃቸውን አነሱለት፤ እሱም አነሳ። እስከ ቡኢ ድረስ እንደ ልማዳችን ሦስታችን ተያይዘን ነዳን። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ሲያልፈን ነፋሱ ያወዛውዘናል። አምበላችን ከፊት ነው፤ እየተፈራረቅን እንምራ ብንለውም አይሰማንም። እኔ እያንዳንዷን ዳገት ስንወጣ የማየው ጀርባውን ነበር። ኪሱ ተወጥሯል። ብላ እንጂ፣ ብላ፣ እላለሁ በልቤ። ቡኢ ደርሰን ስንዞር ከመሪዎቹ ጋር ነበርን። ኪሱ እንደተወጠረ ነው።

ከቡኢ ከተመለስን በኋላ ፔዳሉን ሲመታ ጉልበቱ ወደ ጎን መውጣት ጀመረ። አውቀዋለሁ፤ ባዶ ሲሆን እንደዚያ ነው። አንድ ዳገት ላይ መሪዎቹ ሲፈተለኩ እሱ ቀረ። ጿሚው ዞሮ ሲያየን «ሂድ!» ብዬ ጮኽኩበት፤ ተከተላቸው። እኔ ወደ አምበላችን ተጠጋሁ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ብላ! ባቄላህን አውጣና ብላ!»

ራሱን ነቀነቀ።

«እባክህ! በአላህ ይዤሃለሁ፣ ትንሽ ቅመስ!»

ዞሮ አየኝ። በዚያ መንገድ ላይ፣ በዚያ ላብ መሀል፣ ለረጅም ጊዜ አየኝ። «በአላህ አትያዘኝ» አለ። «ሂድ ከፊቴ፤ ንፋሱን ስበርልኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ከፊቱ ገብቼ ጎተትኩት፤ የቻልኩትን ያህል፣ ከቻልኩትም በላይ። እያለቀስኩ ነበር የምነዳው፤ ለምን እደብቃለሁ። ከአምስት የማያንሱ ቡድኖች አልፈውን ሄዱ። አባቱ የቆሙበት ስንደርስ ሰዉ ጭብጨባውን ጨርሶ መበተን ጀምሯል። አባቱ እጃቸውን አላነሱም፤ አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ ገቡና ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። መጨረሻው መስመር ላይ ከብስክሌቱ ሲወርድ እግሩ አልያዘውም። እናቱ የማር ብርዝ ይዘው እየሮጡ መጡ፤ አሠልጣኙ ግን ከፊት የገቡትን ልጆች ስልክ ቁጥር እየጻፈ ነበር። ጿሚው ከእነሱ አንዱ ነው።

ሰው ሲበተን አምበላችንን ብስክሌቶቹ የተደገፉበት ግድግዳ ሥር ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ላስቲኩን ከኪሱ አውጥቶ አጠገቡ አስቀምጦታል፤ አልተፈታም።

«መቼ አወቅክ?» አልኩት።

«አፌ ውስጥ እንደገባ። ሞራ አይደበቅም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ጠየቅኩህ እኮ» አለኝ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢሰድበኝ፣ ቢገፋኝ፣ መልስ አላጣም ነበር። እሱ ግን የደከመ ሰው ድምፅ ብቻ ነበረው።

«ሞራ ስላሸህ አልተቀየምኩህም፣ ወላሂ። ቸኩለህ ነው፤ አውቅሃለሁ። ሁለተኛ ያልጠየቅኩህ በሰው ፊት እንዳትዋረድ ብዬ ነው። እስከ ቡኢ ድረስ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅኩ። አንተ ግን ብላ አልከኝ።» በአገጩ ወደ ጿሚው ጠቆመኝ። «እሱ ሁለት ሳህን በልቷል። እኔ አልነግርልህም።»

ጿሚው ሰዎች ከበውት ይስቃል። በሕይወቱ እንዲህ ነድቶ አያውቅም። እኔን ሲያይ አቅፎ አነሳኝ፤ «የአንተ ባቄላ ነው!» አለኝ በሁሉም ፊት። ክንዱን ይዤ ወደ ዳር ወሰድኩት። ስለ አዲሷ ድስት፣ ስለ ሞራው፣ በገና ስለታረደው በሬ ነገርኩት። ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ቀስ ብሎ ጠፋ። እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«አሁን ነው ያወቅከው?» አለኝ።

የሚለምነኝ ይመስል ነበር። አዎ ብዬው ቢሆን ያምነኝ ነበር። ወደ ግድግዳው ብመለከት አምበላችን አንገቱን ደፍቷል፤ አያየንም።

«ጧት ነው» አልኩት። «ሳትበላ።»

ለሰዎቹ ይቅርታ ብሎ ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ፤ በቡታጅራ መንገድ ላይ ማልያው ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ ቀረሁ።

ጉብሬ ከተመለስን በኋላ ወልቂጤ ወርጄ አዲስ ድስት ገዛሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ባቄላ ቀቅዬ ደፋሁ፤ የዶርም ልጆች አበደ እስኪሉኝ ድረስ። በአራተኛው ቀን አብስዬ ልምምድ ወሰድኩ። አልተጣላንም፤ ይህን ሰው እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። ሁለቱም ሰላም ይሉኛል፣ ካቴናቸውን እጠግናለሁ፣ መንገድ ላይ ተራዬ ሲደርስ ከፊት ገብቼ ንፋስ እሰብርላቸዋለሁ። እስከ ምርቃታችን ድረስ እንዲሁ ሆነን ነዳን። ድስቱን ከፍቼ «ቁርስ!» ስላቸው ብቻ ሁለቱም ፈገግ ይሉና «በልተናል፣ አንተ ብላ» ይሉኛል። እንዳልበሉ አውቃለሁ።